ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ድንጋይ

«አባዬ፣ ግራው ዘግይቷል» አለችኝ ልጄ።

የድሮ ካሴቶችህን ወደ ዲጂታል ካልገለበጥኩልህ ብላ ከደሴ ድረስ የመጣችው እሷው ናት፤ እኔ አልለመንኳትም። ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት መስመር ዘርግታለች። የላይኛው የቀኙ ካሴት ነው፣ የታችኛው የግራው። ካህናቱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ በመቱ ቁጥር መስመሩ ላይ አንድ ሹል ጥርስ ይወጣል። ጣቷን ከላይኛው ጥርስ ቁልቁል አወረደችና የታችኛው ለጥቂት ወደ ኋላ መቅረቱን አሳየችኝ። «በጣም ትንሽ ናት፤ ዓይን ከመጨፈን ታንሳለች። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለች። አንድ ቁልፍ ብጫን እኩል ይሆናሉ። ልጫነው?»

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩባት።

ደነገጠች። እኔም በራሴ ደነገጥኩ፤ ልጄ ላይ ከጮህኩ ስንት ዘመኔ! እናቷ በሕይወት ብትኖር «ደግሞ ጀመረህ?» ትለኝ ነበር። ለምን እንደጮህኩ ለማስረዳት ወደ ደርግ ጊዜ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

ያኔ ድርቁ አልፎ የተረፈው ሰው ቀና ማለት ጀምሯል። እኔ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። እጄ ጥሩ ነበር፤ ማንም ይመስክር። ምላሴ ግን ከእጄ ትቀድም ነበር።

በዚያ ዓመት ደሴ አንድ ወዳጄ ዘንድ ብሄድ የጆሮ ማዳመጫ ራሴ ላይ ደፋልኝ። ስቴሪዮ የሚባለውን ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከበሮው በቀኝ ጆሮዬ፣ ክራሩ በግራ ጆሮዬ፣ ዘፋኙ ደግሞ መሀል ግንባሬ ላይ ቆሞ። ሱብሃነላህ! አላህ ሁለት ጆሮ የሰጠን ለካ ያለ ነገር አይደለም አልኩ። ሐይቅ ስመለስ የኔው ቴፕ አስጠላኝ። ባለ አንድ ድምፅ ነው፤ ሁሉንም ነገር በአንድ አፍ ነው የሚያወራው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአርዲቦ ሐይቅ በኩል፣ አንድ ደብር አለ። የደብሩን አለቃ ሬዲዮ የምጠግንላቸው እኔ ነኝ። እስላም ነኝ፤ ግን ይህ እኛ ወሎዎች ዘንድ ማንንም አያስደንቅም። የናቴ ወንድም ቄስ ነበር፤ የሱ ልጅ ደግሞ ሼህ ቤት ቁርአን ቀርቶ ነው ያደገው። እና አንድ ቀን አለቃው ሱቄ መጥተው፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ጭንቀታቸውን አጫወቱኝ። ከካህናቱ የሚበዙትን ድርቁ ወስዷቸዋል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹን ሰፈራ ወስዷቸዋል፤ ተማሪዎቹን ውትድርና ጠርጓቸዋል። ዜማውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተዋል። «እነሱም ሳይሞቱብን በካሴት አስቀርልን» አሉኝ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህናቱ ለሁለት ተከፍለው፣ ፊት ለፊት ቆመው ነው የሚያዜሙት፤ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። አለቃው ይህን ሲነግሩኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ቀኝና ግራ! ፈረንጅ ትናንት የደረሰበትን ስቴሪዮ እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቆመው ያዜሙታል እኮ! «አለቃ፣ ይህን ሥራ ለኔ ተዉት» አልኩ።

ግራ ጌታን ከዚያ በፊትም አውቃቸዋለሁ። የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ። በገበያ ቀን በሱቄ ሲያልፉ «እንዴት ዋልክ፣ የእስላም ደብተራ?» ይሉኛል፤ እንደ ክታብ ሽቦ ለሽቦ ስቋጥር ስለሚያዩኝ ነው። ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን በድርቁ ቀብረዋል። ቤት የሚሉት የለም፤ ደብሩ ግቢ ውስጥ አንዲት ጎጆ ውስጥ ነው የሚያድሩት። የቀረቻቸው ያቺ በግራ በኩል የሚቆሙባት ቦታ ነበረች። ከበር ውጭ ሆኜ በመስኮት አይቻቸዋለሁ፤ ሲያዜሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። የት እንዳሉ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ ሁሉን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው።

ስቴሪዮ ቴፕ የለኝም፤ ግን ዘዴ አይጠፋም። የሚስቴ ወንድም ሹፌር ነበርና ከአሰብ ሁለት አንድ ዓይነት ቴፖች አምጥቶ አንዱን ለኔ ሰጥቶኛል። የሱን ተዋስኩና ለቀኙ ወገን መደብኩት፤ የኔን ለግራው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ የሚያስቀምጣቸው ከበሮ መቺው ዲያቆን ነው፤ እኔ ከውጭ ዛፍ ሥር ሆኜ አዝዛለሁ። «ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ መሀል ቁምና ከበሮዋን አንዴ ብቻ ድም አድርጋት» አልኩት። በኋላ ሁለቱን ካሴቶች ድም የምትለዋ ላይ አቁሜ፣ ሁለቱን ቁልፎች በሁለቱ አውራ ጣቶቼ እኩል ስለቃቸው፣ ቀኝና ግራ አብረው ይሄዳሉ። አለቃው ከቀበሌ ሱቅ በስንት ልመና ስምንት አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስወጥተው ለየቴፑ አራት አራት ደረሰው። ያኔ ድንጋይ እንደ ስኳር በወረፋ ነበር።

የግንቦቱ ንግሥ ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ ቀዳን። እንዴት ያለ ነገር ነበር! ከውጭ ሆኜ እንኳ ገላዬን ወረረኝ። አለቃው «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ሁላችንም እንሰማዋለን» አሉ።

እስከ እሑድ አምስት ቀን ነበር። የሚስቴ ወንድም ቴፑን ወስዶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት። የኔው ግን ሱቄ ነው ያለው፤ አዲስ ድንጋይ ጎርሶ። መንዙማ አዳመጥኩ፣ የአምባሰል ዘፈን አዳመጥኩ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የግራ ጌታን ድምፅ አሰማሁ። እሑድ ጠዋት ልሞክረው ብል ድምፁ እንደ በሽተኛ ያቃስታል። አራቱም ድንጋዮች አልቀዋል!

የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ነፍስ ይዘራል። ይህን ሐይቅ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ በጥርሱ ይነክሰዋል፣ አንዳንዱ በመዶሻ ቀጥቀጥ ያደርገዋል። እኔ ባለሙያ ነኝና የሱቄ ቆርቆሮ ላይ እንደ በርበሬ ደርድሬ አሰጣኋቸው። ቀትር ሲቃረብ አውጥቼ ስሞክራቸው ወላሂ እንደ አዲስ ናቸው። ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰንበቴ ቤቱ ሞልቷል። አለቃው መሀል፣ ቀኝ ጌታ በአንድ ወገን፣ ግራ ጌታ በአንድ ወገን፣ ከበሮ መቺው ዲያቆን በሩ ላይ ቆሞ፣ ሌሎቹ ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሁለቱን ቴፖች በሁለቱ የቤቱ ጫፎች አስቀምጬ ከማስተካክል፣ አውራ ጣቴ እንዲደርስ ብዬ እጄ ሥር አጠገብ ላጠገብ አደረግኳቸው፤ ካስነሣኋቸው በኋላ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ይዘው እንዲሄዱ ለሁለት ካህናት ሰጠሁ። ድም! ከዚያ ዜማው ቤቱን ሞላው። አንዱ ሽማግሌ «እሰይ!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አለቃው እንባቸው መጣ። እኔማ ተነፋሁ፤ ቁመቴ ጨመረ።

ትንሽ እንደሄደ መቋሚያዎቹ መለያየት ጀመሩ። መጀመሪያ «ጣ» ትል የነበረችው «ጠጣ» ሆነች። ቆየት ብሎ ግራው ገና ሲያነሣ ቀኙ ጨርሷል። የግራ ጌታም ድምፅ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ዳገት የሚወጣ ሰው ሆነ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ደክሟቸዋል» አለ አንዱ ከኋላ፣ በሹክሹክታ። ሌላው «ዕድሜ ነዋ» አለ። በሩ ላይ የቆመው ዲያቆን «ከበሮዋንም ሁለት ጊዜ እየሰማሁ ነው፤ እኔ አንዴ አንዴ ነው የመታሁት» ብሎ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። እኔም አላልኩትም፤ ልብ ማለት የሚገባኝ እኔ ሆኜ ሳለ።

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ልጄ፣ ይህ ከማሽኑ ነው ወይስ ከሰውየው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ድንጋይ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትዝ አላለኝም ብል ደግሞ ሐሰት ነው፤ በልቤ ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ያ ሁሉ ምስጋና እየፈሰሰልኝ፣ «ያረጀ ድንጋይ ነው የጎረሰው» ልበል? «አለቃ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ «ሰው ይሳሳታል፤ ቴፕ አይዋሽም።»

ግራ ጌታ እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ቀና አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በተቆጡ። «እውነቱን ነው» አሉ። «እኔ አብሬ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬ ሲከዳኝ አላወቅኩም ማለት ነው። ደግ ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።» መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ። በማግስቱ አለቃው በግራ የሚቆም አንድ ጎልማሳ መሪጌታ ከውጫሌ አስጠሩ።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ ውስጥ ድንጋዩን ሳልቀይር የምወደውን መንዙማ ከፈትኩ። እንደ ስሜ የማውቀው ድምፅ መሀል ላይ ወፈረ፣ ተጎተተ። ሳቅኩ መጀመሪያ። ከዚያ ክው አልኩ። የሚስቴን ወንድም ቴፕ ሮጬ አመጣሁና ካሴቶቹን አለዋወጥኳቸው፤ የቀኙን በኔ ቴፕ፣ የግራውን በሱ። አሁን የሚጎተቱት ቀኝ ጌታ ሆኑ። ግራ ጌታ እንደ ወንዝ ይወርዳሉ። ያ ረቢ!

ያኔውኑ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልሄድኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። «ዛሬ ሥራ አለኝ»፣ «ነገ ዝናብ ይመጣል» እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ሸነገልኩ። በገበያው ቀን ግራ ጌታ መጡ። የእስላም ደብተራ አላሉኝም። በርጩማው ላይ ተቀመጡና የተበተነ ሬዲዮ እየነካኩ ቆዩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «እንዲህ የሞተ ሬዲዮ ታስነሣለህ። ጆሮስ አትጠግንም?»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊታቸውን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። «ጆሮ... ጆሮ አልጠግንም፣ ግራ ጌታ» አልኩ። አፌ ላይ ደርሶ የነበረውን ዋጥኩት። «ደግ ነው» ብለው ተነሡ። ሲሄዱ አስፋልቱን ከመሻገራቸው በፊት ግራና ቀኝ ደጋግመው አዩ፤ የመኪና ድምፅ እንኳ አላምንም ብለው።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። «አንተ ሰውዬ ሙእሚን ነህ?» አለችኝ። «የሰው ሀቅ ጉያህ ውስጥ ወሽቀህ ነው ስትሰግድ የከረምከው? በል ነገ ሳይመሽ ሄደህ ሀቃቸውን መልስ! ካልሄድክ እኔ ራሴ ሄጄ ነው የምናገረው።» ታደርገዋለች፤ አውቃታለሁ።

በማግስቱ ሁለቱን ቴፖች ተሸክሜ ሄድኩ። አለቃው፣ ሁለቱ ጌቶች፣ ከበሮ መቺው፣ ያ የውጫሌው መሪጌታም ሳይቀር ሰንበቴ ቤት ተሰበሰቡልኝ። አንድም ሰበብ ሳልጨምር ተናገርኩ፦ ድንጋዩን ጨርሼው እንደነበር፣ ቆርቆሮ ላይ እንዳሰጣሁት፣ ድንጋዩ ሲዝል ቴፑ እንደሚያዘግም፣ ይህን እያወቅኩ ቴፕ አይዋሽም እንዳልኩ። ከዚያ ካሴቶቹን አለዋውጬ ከፈትኩ።

ቀኝ ጌታ ገመድ እንደ በጠሰ በሬ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ ይህ የምጎተተው? እኔ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከበሮ መቺው «ብያችሁ ነበር! አንድ ከበሮ ከራሷ ወደ ኋላ ትቀራለች?» እያለ ይዘላል። አለቃውም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ዓይኔን ትኩር ብለው አይተው «ምላስህን ፀሐይ ላይ አስጣት» አሉኝ። የውጫሌው መሪጌታ ጨዋ ሰው ነበር፤ ግድግዳው ሥር የቆመውን መቋሚያ አንሥቶ ለግራ ጌታ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ግራ ጌታ፣ አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብየሃለሁ» አሉኝ፣ በኔው ቃል። አነሡኝ፤ ግንባሬንም ሳሙኝ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም ነበር። እኔ ግን ቀለለኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ እያፏጨሁ ነው የተመለስኩት። የተበላሸ ነገር አገኘሁ፣ ጠገንኩት፤ ሥራዬ ነው።

ክረምቱ አልፎ በጽጌ ወር ደግመን ቀዳን። አሁን ተምሬያለሁ፤ ከበሮዋ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አንድ አንድ ጊዜ ድም እንድትል አስደረግኩ። ለሁለቱም ቴፕ አዲስ ድንጋይ። ከዚያ ሱቄን ዘግቼ፣ አንዱን ቴፕ በቀኝ ጆሮዬ፣ አንዱን በግራ ጆሮዬ አስጠግቼ ሰማሁ። መጀመሪያ ላይ ድም፣ አንድ ከበሮ። መጨረሻም ላይ ድም፣ አንድ ከበሮ። ቴፖቹ አልተለያዩም። መሀል ላይ ግን የግራው መቋሚያ ከቀኙ ኋላ ነው። ለጥቂት። እንደ ድሮው እያደር አይብስም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያችው ጥቂት ናት። ካሴቶቹን አለዋወጥኩ። አሁንም ግራው ነው።

ሄጄ ከበሮ መቺውን ጠየቅኩት። «አላወቅክም?» አለኝ። «ግራ ጌታ እኮ ዓይናቸውን መጨፈን ትተዋል። የቀኝ ጌታ መቋሚያ መሬት ስትነካ ካላዩ የሳቸውን አይጥሉም።»

ጎጆአቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። «ግራ ጌታ፣ ድንጋዩ ነበር እኮ። ፊታችሁ አሳየኋችሁ እኮ» አልኳቸው። ልለምናቸው ነው የሄድኩት፤ አሁንም ያን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

«አየሁ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ዓይኔማ አምኗል። ጆሮዬን ማን ያሳምንልኝ?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ቦታቸውን ማንም አልነካባቸውም፤ በግራ እንደቆሙ ነው ያረፉት። ያቺን መዘግየት ሌላ ሰው አይሰማትም ነበር። እኔ ከግቢው ውጭ፣ ዛፉ ሥር ሆኜ እንኳ እሰማታለሁ። አልቅሼባታለሁም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት፤ ኮምፒውተሯ ላይ የዘረጋችው ያንኑ የጽጌውን ቅጂ ነው። እጇ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። «ታዲያ አባዬ፣ ስህተት ከሆነ ብናስተካክለው ለሳቸው ክብር አይደለም?» አለችኝ።

«የሳቸው ስህተት ቢሆን አዎ» አልኳት። «ይቺ የኔ ናት። በድንጋይ ያስገባኋትን በቁልፍ አላወጣትም። እንዳለች ተያት።»

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ዜማውን ከመጀመሪያው ከፈተችው። ከዚያ ማስቀመጫ ስም የሚጠይቅ ሳጥን ከፈተችና «ምን ብዬ ልጻፈው? ቀኝና ግራ?» አለችኝ።

«ግራና ቀኝ በይው» አልኳት። «እዚህ እንኳ ግራው ይቅደም።»